ከሲራራ እስከ ሻንጣ፤ ከድንበር ማዶ ገዝቶ የመሸጥ ንግድ በጣና ዙሪያ

ከድንበር ማዶ ዕቃ ገዝቶ አገር ቤት አትርፎ መሸጥ የሚቻለው አንድ ዕቃ በሁለት ቦታ ሁለት ዋጋ ሲኖረው ነው። የዋጋው ልዩነት ከሦስት ወገን ይመጣል። አንደኛው የአፈርና የአየር ነው፤ ጨው በደጋ አይቆፈርም፣ ቡናም በበረሃ አይበቅልም። ሁለተኛው የመንገድ ነው፤ የጭነቱ፣ የስንቁ፣ የቀኑ ብዛትና የሽፍታው ሥጋት ሁሉ በዋጋው ላይ ይደመራል። ሦስተኛው ሰው ያበጀው ነው፤ ቀረጡ፣ ክልከላውና የገንዘብ ምንዛሪው። መኪናና አውሮፕላን ሁለተኛውን እያቀለሉት ሲመጡ ሦስተኛው እየከበደ ሄዷል። የዛሬ ነጋዴ ትርፉን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚሁ ከሦስተኛው ነው፤ ስለዚህም አንድ መመሪያ ሲወጣ ወይም ሲሻር ብዙ ሳይቆይ የሚጫነው ዕቃ ይለወጣል።

ጣና ከድንበር የራቀ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከጎንደር እስከ መተማም ከዚያ ብዙ የማይርቅ መንገድ አለ። እንዲያም ሆኖ የሐይቁ ዳርቻ ለዘመናት የድንበር ዘለል ንግድ ማረፊያና መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ አቀማመጡ ነው። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከጅማ አቅጣጫ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ኮረሪማ ወደ ጎጃም ተሻግሮ ከየጁቤ አጠገብ በሚገኘው በባሶ ገበያ ይገናኝ ነበር። ከባሶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው ሲራራ (የነጋዴዎች ጓዝ) ዓባይን እንደገና መሻገር ነበረበት፤ ለዚህም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይ ትልቅ ውለታ ውሏል። ከድልድዩ በኋላ ያለው መንገድ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ በቆራጣ፣ በደሪጣና በይፋግ በኩል ጎንደር ይገባል። ጎንደር ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ በአድዋ በኩል ምጽዋ ይወርዳል፣ ሌላው ጭልጋን አልፎ መተማ ይደርሳል። ተመላሹ ሲራራ የሚጭነው ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መስተዋት፣ የጦር መሣሪያና ጠገራ ብር ነበር።

የሲራራውን ትርፍ ለመረዳት ከአሞሌ የተሻለ ዕቃ የለም። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣ የጨው ጡብ ነው፤ ሰው ይበላዋል፣ ከብት ይልሰዋል፣ ገበያ ላይ ደግሞ እንደ ገንዘብ ይመነዘራል። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል። በአንድ ጠገራ (ማርያ ቴሬዛ) ብር ትግራይ ውስጥ ብዙ አሞሌ ይገዛል፤ ጎንደር ላይ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ባሶ ላይ ይበልጥ ይቀንሳል፣ እናርያ ሲደርስ ጥቂት ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ነጋዴው ጨው ጭኖ ወደ ደቡብ ሲወርድ የያዘው ሸቀጥም ገንዘብም ነው፤ በየገበያው ሲያልፍ ገንዘቡ እዚያው አህያው ጀርባ ላይ እንዳለ ዋጋው ያድጋል። ሲመለስ ግን ይህ ስሌት ይገለበጣል። ወደ ሰሜን አሞሌ ይዞ የሚመለስ ሞኝ ነው፤ ስለዚህ ያለውን ሁሉ በቡና፣ በወርቅ ወይም በዝባድ ለውጦ ይነሣል። ሁለቱንም ጉዞ በሚያተርፍ ዕቃ መሙላት የሲራራ ነጋዴ ዋና ጥበብ ነበር። ባዶ መመለስ የሚያመጣውን ኪሳራ የዛሬ የጭነት መኪና ባለቤትም ያውቀዋል።

ንግዱን የያዙት በአብዛኛው ሙስሊሞች፣ ጀበርቲ የሚባሉት ነበሩ። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። የመጀመሪያው የርስት ጉዳይ ነው፤ በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር ሙስሊሙ ርስት የመያዝ መብቱ የተነፈገ ወይም የጠበበ ስለ ነበር መተዳደሪያው ንግድና የእጅ ሙያ ሆነ። ሁለተኛው የባላባቱ ንቀት ነው፤ ጦርና እርሻ ክብር ሲሆኑ ችርቻሮ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን በ1660 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ የነጋዴዎቹ ሰፈር አዲስ ዓለምም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የሐይቁ ምሥራቅ ዳር ከተሞች የነጋዴ ከተሞች ነበሩ። ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ ይፋግ በሳምንታዊ ገበያዋ ትታወቅ ነበር፤ ቆራጣ በሐይቁ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች የሀብታም ነጋዴዎች መኖሪያ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ስላሰሯቸው አውሮፓውያን እንዲደራደር የላከው ሆርሙዝድ ራሳም የተቀመጠው በዚችው በቆራጣ ነበር። የዛሬ መንገደኛ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄድ ከነዚህ ከተሞች አንዳንዶቹን መኖራቸውን ሳያውቅ ያልፋቸዋል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላው በወንዝ መሻገሪያ፣ በተራራ በርና በገበያ መግቢያ ላይ ይተከላል፤ የየአገሩ ገዥ ለጭነቱ፣ ለባሪያው፣ ለአህያው ለየብቻ ያስከፍላል። ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የሠራውና በጎጃም መንገዶች ከሲራራ ጋር የተጓዘው ዋልተር ፕላውደን የኬላውን ንትርክ በዝርዝር ጽፎታል። የሚከፈለው የተቆረጠ ተመን አልነበረም። በረኛው የጭነቱን መጠንና የነጋዴውን ሁኔታ አይቶ ይጠይቃል፣ ነጋዴው ያለቅሳል፣ ቀን ይውላል፣ ሌሊት ያድራል፣ በመጨረሻ በጥቂት አሞሌና በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ይስማማሉ። ሲራራው በአንድነት የሚጓዘው ሽፍታን ለመከላከል ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ሆኖ የመጣ ነጋዴ ከበረኛው ጋር የተሻለ ይከራከራል። መሪያቸው ነጋድራስ ይባላል። በኋላ ዘመን ነጋድራስ ማለት በመንግሥት የሚሾም የጉምሩክና የንግድ አለቃ ሆነ፤ ነጋዴን ከበረኛ ይጠብቅ የነበረው ሹመት ራሱ በረኛ ሆነ ማለት ነው።

የሐይቁ ንግድ በታንኳ ነበር። ታንኳ የሚሠራው በዳርቻው ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ ተጠቅልሎ በገመድ ይታሰራል፣ ከፊት ሾጠጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ታንኳ በመሥራትና በመቅዘፍ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። በዚህ ደካማ በሚመስል ጀልባ እህል፣ ከሰል፣ ማገዶና ቡና ከዳር እስከ ዳር ተሻግሯል። የዘጌ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር በታንኳ መጋዙ ሞተር ጀልባ ከመጣ በኋላም አልቀረም።

ዘጌ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ይህ ልሳነ ምድር በደን የተሸፈነ፣ የማይታረስ፣ በገዳማቱ ሥር የኖረ መሬት ነው፤ ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። እህል ስለማይዘራበት ነዋሪው ጤፉንና ገብሱን ከውጭ ይገዛል፤ ለመግዛትም ቡናውን ይሸጣል። ስለዚህ ዘጌ ከሌላው የጎጃም ገበሬ ቀድሞ ኑሮውን በገበያ ላይ የጣለ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የዘጌ ቡና ዋና መዳረሻ ሱዳን ነበር፤ በታንኳ ሐይቁን ይሻገራል፣ በአህያና በበቅሎ ጎንደርን አልፎ መተማ ይወርዳል፣ ከመተማ ወዲያ በግመል ገዳሪፍ ይገባል። የዚህ ቡና ሌላ ገጽታም መደበቅ የለበትም። ቡናውን ይለቅሙና ይኮተኩቱ ከነበሩት ብዙዎቹ ከደቡብ ምዕራብ በዚያው የሲራራ መንገድ ተሽጠው የመጡ ባሮች ነበሩ። በባሶም በመተማም ሰው ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር፤ ለብዙ ነጋዴም ትልቅ ትርፍ የሚያስገኘው የባሪያ ንግዱ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ ንግዱ ግን ወዲያው አልቆመም፤ ለዓመታት በድብቅ ቀጥሏል።

መተማ ገበያ የሆነችው ደጋውና በረሃው የሚገናኙባት በመሆኗ ነው። ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ለሐጅ ተነሥተው በዚያው የቀሩ ተክሩሪዎች ከተማዋን አቀኗት፤ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ገዥዎች እየገበሩ መኖርን ያውቁበት ነበር። የደጋው ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን እስከዚያ ያደርሳል፣ የቆላው ነጋዴ በግመሉ ይረከባል። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ስለሚሞሉና ወባው ስለሚበረታ ገበያው ይቀዘቅዛል። ፖለቲካ ደግሞ ከክረምቱ ይብሳል። የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዝ ብዙ የጎንደርና የደሪጣ ነጋዴዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ገንዘባቸውንና ደንበኞቻቸውን ይዘው ሄዱ። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ማህዲስቶች (ደርቡሾች) ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። በዚያ አሥር ዓመት የምዕራቡ መንገድ ተዘጋ ማለት ይቻላል። የተከፈተው የማህዲስቶች መንግሥት በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ነው፤ በግንቦት 1894 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ድንበሩን በካርታ አሰመረው፣ ከመተማ ማዶ ባለችው ገላባት ላይም የሱዳን ጉምሩክ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት መተማ ድንበር የሌለበት የድንበር ገበያ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ግን ወንዝ መሻገር ራሱ ሕግ የሚጠይቅ ነገር ሆነ።

በልዑል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የጎጃም ንግድ በገዥው እጅ ጠበቅ ብሎ ተያዘ። ራስ ኃይሉ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ንግዳቸው አዲስ አበባ ድረስ የተዘረጋ ነበር። እንግሊዝም አካባቢውን በቅርብ መከታተል ስለፈለገች ቆንስሏን በዳንግላ አስቀመጠች፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ የነበረው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዳርቻ ዞሮ ያጠናው በዚያ ጊዜ ነው። ከውጭ ይመጣ ከነበረው ዕቃ የሕዝቡን ኑሮ የለወጠው አቡጀዲ ነበር። በፋብሪካ የተሸመነው ይህ ጨርቅ ከአገር ቤት ሸማ ይረክሳልና የገበሬው ልብስ ሆነ፤ በብዙ ገበያም ገንዘብን ተክቶ ይመነዘር ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ያነሡት ክርክር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ሠርቶ ጥቂት ያገኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ንግድ እኩያ ልውውጥ አይደለም ይላሉ። ክርክራቸው ከመቶ ዓመት በኋላም አልዛገም።

ባሕር ዳር ወደዚህ ታሪክ የገባችው ዘግይታ ነው። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች የጦር ሰፈር፣ ወደብና መንገድ ሲያበጁ መንደሪቱ የሐይቁ ደቡባዊ በር ሆነች፤ ቆራጣና ደሪጣም በዚያው ልክ ተረሱ። ጣሊያን ሊሬውን ሊያስለምድ ቢሞክርም ነጋዴው ጠገራ ብሩን አልለቀቀም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበትን፣ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበትን ያንኑ ብር ሙሶሊኒ ራሱ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ሮም ውስጥ ያስመታ ነበር፤ ወራሪ የወረረውን ሕዝብ ገንዘብ ለመምታት የተገደደበት እንግዳ ጊዜ ነው። ከነጻነት በኋላ ከተማዋ አደገች። በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ በአቡጀዲ የጀመረው ታሪክ በከፊል ተገለበጠ፤ ጨርቁ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ቀርቶ በዓባይ ዳር ተሸመነ።

የዛሬው የጣና ዙሪያ የድንበር ንግድ ሁለት በር አለው፤ የመኪና መንገዱ መተማ ነው፣ የአውሮፕላኑ የአዲስ አበባው ቦሌ ነው።

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንደ ውሃ አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከዚያ ድልድይ ይሻገሩና ገላባት ነው። በደህናው ጊዜ ከኢትዮጵያ በኩል ሰሊጥ፣ ቡና፣ ለፉል የሚሆን ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቅመማ ቅመምና የቁም ከብት ይሄዳል። ከሱዳን በኩል ቶብ፣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ ጫማና በፖርት ሱዳን የገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይመጣል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኢትዮጵያ ለተወሰኑ ዓመታት የቤንዚን ፍላጎቷን ትልቅ ክፍል በዚሁ መንገድ ከሱዳን ታስመጣ ነበር። መንግሥታቱ ለድንበር ነዋሪዎች አነስተኛ የድንበር ንግድ ፈቅደዋል፤ ነዋሪው በተወሰነ ርቀት ውስጥ፣ ለተወሰኑ ዕቃዎች፣ በተወሰነ የገንዘብ መጠን ያለ ባንክ መተማመኛ ሰነድ ይነግዳል። ፈቃዱ የታሰበው ለመተማ ነዋሪ ፍጆታ ነው። ዕቃው ግን መተማ ላይ አይቆምም። የድንበሩ ነዋሪ በስሙ ያስገባውን ትንሽ በትንሹ ሌላው ይሰበስበዋል፣ ከዚያ ጎንደርና ባሕር ዳር ይደርሳል። አነስተኛው ንግድ ወደ ኮንትሮባንድ የሚለወጠው ዕቃው ከተፈቀደለት ወሰን ባለፈበት ቅጽበት ነው፤ ሳሙናው ያው ሳሙና ነው።

የኮንትሮባንድ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ለማየት የቀረጡን ስሌት መሥራት ይበቃል። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው አሠራር የተዘጋጀ ልብስ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በሁሉም ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይታሰባል። የመድረሻ ዋጋው 1,000 ብር የሆነ ልብስ ቀረጡ ሲታከልበት 1,350፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲታከል 1,552 ብር ከ50፣ ሱር ታክሱ ሲታከል 1,707 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ ሌላ በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር አለ። እንግዲህ ሕጋዊው አስመጪ በ1,000 ብሩ ልብስ ላይ ከ700 ብር በላይ ለመንግሥት ከፍሎ ሲሸጥ፣ በኬላ ያመለጠው ግን ያንን ገንዘብ ከገዥው፣ ከሾፌሩ፣ ከደላላውና እጁን ከዘረጋው ሁሉ ጋር ይካፈለዋል። ቀረጡ በከፍተኛ መጠን ሲጣል ለአገር ቤት ፋብሪካ ጥላ ይሆናል ተብሎ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ለማምለጥ የሚከፈለውም ከፍ ይላል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ለኮንትሮባንድ የእስራትና የገንዘብ ቅጣት ደንግጎ ዕቃውና የጫነው መኪና እንዲወረስ ያደርጋል። ነጋዴው ይህንንም በስሌቱ ያስገባዋል፤ ከብዙ ጉዞ አንዱ ቢያዝ የቀሩት የሚሸፍኑት ከሆነ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጭነቱን በአንድ መኪና የማያደርገው።

ሳልባጅ የዚህ ንግድ ልዩ ምዕራፍ ነው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቀረጥ የሚከፈልበት በር የለውም፤ ሁሉም በኮንትሮባንድ ይገባል። አውሮፓና አሜሪካ የተጣለ ልብስ ተጨምቆ በቦንዳ ታስሮ ወደብ ይደርሳል፣ ከዚያ ድንበሩን ያልፋል። ቦንዳ ሲገዛ ውስጡ አይታይም። አንዱ ቦንዳ ደህና ጃኬት ሊይዝ ይችላል፣ ሌላው የተበሳ ሸሚዝ ብቻ። ቦንዳው ሲፈታ ቀድሞ የደረሰ ሻጭ ምርጡን ይለቅማል፣ እሱም «ፈርስት» ይባላል፤ የቀረው በየደረጃው ወርዶ በመጨረሻ መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ይቸበቸባል። በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያም ሆነ በሌሎች ከተሞች ለብዙ ተማሪና የቀን ሠራተኛ ደህና ጫማ የሚገኘው ከዚህ ነው። ክልከላው የአገር ውስጥ ስፌትን ይጠብቃል ተብሎ የወጣ ቢሆንም ሳልባጁን ከገበያ አላጠፋውም።

ሁለተኛው በር የሻንጣ ንግድ ነው። ዱባይ፣ ጓንግዡ፣ ኢስታንቡልና ባንኮክ የሄደች ነጋዴ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በቲኬቷ ታገኛለች። ትርፏ የሚለካው በኪሎ ነው። አንድ ጂንስ ሱሪ ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን 46 ኪሎ ቢበዛ ሰባና ሰማንያ ሱሪ ነው፤ በሱሪ ብቻ የቲኬቱና የሆቴሉ ወጪ አይመለስም። ስለዚህ ክብደቱ ጥቂት ዋጋው ብዙ የሆነ ዕቃ ይመረጣል፤ ስልክ፣ ሂውማን ሄር፣ ኮስሞቲክስ፣ የሠርግ ልብስ፣ የሴት ቦርሳ። ዱባይ ላይ ዴራ ሰፈር ውስጥ አማርኛ የሚናገር ደላላና ካርጎ ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ከብዙ ዙር በኋላ ነጋዴዋ ራሷ አትሄድም፤ ፎቶ በስልክ ይላክላታል፣ ትመርጣለች፣ ዕቃው በካርጎ ይመጣል። በሻንጣ የሚገባው ለግል መገልገያ ነው ወይስ ለንግድ የሚለው ክርክር ቦሌ ላይ የሚፈታ ነው። አንድ ዓይነት ቀሚስ በአምስት መጠን ሲገኝ ለግል ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ልምድ ያላት ነጋዴ ዕቃውን በዓይነትም በሰውም ትበትነዋለች፤ አብረዋት የሚመጡ መንገደኞች ትንሽ ትንሽ ይዘውላት ይገባሉ።

ለዚህ ንግድ ባንክ ብዙ ጊዜ ብድር አይሰጥም፤ መያዣ የለም፣ ደረሰኝም የለም። መነሻ ገንዘቡ የሚገኘው ከእቁብ ነው። ነጋዴዎች በየሳምንቱ የሚጥሉት እቁብ ዕጣው ሲደርሳቸው የቲኬትና የመግዣ ገንዘብ ይሆናል፤ ዕጣው የዘገየበት ከደረሰው ላይ ጥቂት ጨምሮ ይገዛል። ዕቃው ባሕር ዳር ሲደርስም ሽያጩ በአብዛኛው በዱቤ ነው። ደመወዝተኛው በየወሩ ሊከፍል ጃኬቱን ይወስዳል፤ ዱቤው ሲጠራቀም ነጋዴዋ ለሚቀጥለው ጉዞ ገንዘብ ያጥራታል። ብዙ የሻንጣ ነጋዴ የሚወድቀው በጉምሩክ ሳይሆን በዱቤ ነው።

የውጭ ምንዛሪው ሁሉን ይገዛል። ባንክ ለቀሚስና ለሽቶ ዶላር አይሰጥም ነበር፤ ዶላሩ የሚገኘው ከጥቁር ገበያ ወይም በሐዋላ ነው። ውጭ ያለ ወገን ለቤተሰቡ የሚልከው ዶላር ዱባይ ላይ ለነጋዴው ይሰጣል፣ ብሩ ባሕር ዳር ላይ ለቤተሰቡ ይከፈላል፤ ዶላሩ ድንበር ሳይሻገር ሥራውን ይጨርሳል። የባንክ ምንዛሪ ሳይጠየቅ ዕቃ የማስገባቱ ፈቃድ ፍራንኮ ቫሉታ ይባላል፤ መንግሥት አንዳንዴ ይከፍተዋል፣ አንዳንዴ ይዘጋዋል፣ እንደ ዘይትና ስኳር ባሉ መሠረታዊ ዕቃዎች ዋጋ ሲያይል በተለይ ይከፍተዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አገደ፤ በዝርዝሩ ውስጥ የቤት መኪና፣ መጠጥ፣ የመዋቢያ ዕቃዎችና ሰው ሠራሽም ሆነ የተፈጥሮ ጸጉር ይገኙበታል። ዝርዝሩ ሲታይ ከሻንጣ ነጋዴ መግዣ ወረቀት የተቀዳ ይመስላል። ሕጋዊው በር ሲዘጋ በሻንጣ የገባው ዕቃ ዋጋ ወጣ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን እገዳውም ተነሣ። ቀደም ሲል 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በባንኮች ከ100 ብር በላይ ሆነ። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ሲጠብ ከምንዛሪ የሚገኘው ትርፍ ቀነሰ፤ የቀሚሱ መግዣ ደግሞ በብር ሲሰላ በአንድ ጊዜ ናረ። አስቀድሞ ዕቃ ያከማቸ አተረፈ፣ በዱቤ የሸጠ ከሰረ።

የመተማው በር ግን በምንዛሪ ሳይሆን በጦርነት ነው የተናጋው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ድልድዩ የነጋዴ መንገድነቱ ቀርቶ የስደተኛ መንገድ ሆነ፤ ከካርቱም የሸሹ ሰዎች በመተማ ገቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የተነሣው ግጭት የባሕር ዳርንና የጎንደርን መንገድ፣ የጎንደርንና የመተማንም መንገድ አልፎ አልፎ ዘጋው። መንገድ ሲዘጋ በዋጋው ላይ የሚጨመረው የትራንስፖርት ወጪ ብቻ አይደለም። ዕቃ በገንደ ውሃ ወይም በአይከል ቆሞ ሲያድር የነጋዴው ገንዘብ አብሮ ይቆማል፣ እቁቡ ግን በየሳምንቱ ይጠየቃል። ስለዚህ ብዙ የባሕር ዳር ቸርቻሪዎች የሱዳኑን ዕቃ ትተው ወደ አዲስ አበባ መርካቶ ዞሩ፤ የሚመርጡትም ከምሥራቅ፣ ከጅግጅጋና ከድሬዳዋ አቅጣጫ የገባውን ነው። የሚያስከፍላቸው ግን የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ስለሆነ ትርፋቸው ጠቧል። ከድንበሩ ራሳቸው ይገዙ የነበሩት ዛሬ ከሌላ ሰው መጋዘን ይቸረችራሉ፤ ሰሊጥና ባቄላ ወስዶ ሳሙናና ብርጭቆ ይዞ መመለስም ቆሞ፣ መኪናው በአንዱ አቅጣጫ ባዶውን ይሄዳል።